ቱርቦ፣ አሮጌ መኪናና የምንተኛበት ክፍል

እህቶች፣ በምንሠራባቸው አንዳንድ ቤቶች ጋራዡ ውስጥ ኮፈኑ ተነስቶ ወር ሙሉ የሚፈታታ የአሜሪካ አሮጌ መኪና አለ። የቤቱ ልጅ «ቱርቦ ልገጥምለት ነው» ይላል። ዘይት የጠጣውን ልብሱን የምናጥበው ደግሞ እኛ ነን! ነገሩን ብናውቀው ይጠቅመናል።

ቱርቦ ቅርጹ ቀንድ አውጣ ይመስላል። በማርሚታ ወጥቶ ይባክን የነበረው የሞተር ጭስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላኛው መዘውር ንፁህ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር ሲበዛ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፣ ጉልበት ይጨምራል። ምድጃን እፍ እንደማለት ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እ.ኤ.አ. በ1962 ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ፣ በ215 የፈረስ ጉልበት ወጥቷል።

ለእኛ ዋናው ጭሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በመኪና ላይ የጭስ ማጣሪያ በብዛት መገጠም የጀመረው በ1975 ሞዴል ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይተፋል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አገር ቤት ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ምን ሆነና? እሱው ነው።

ክፍላችሁ ከጋራዡ አጠገብ ወይም በላዩ ከሆነ፣ በሩ ተከፍቷል ብላችሁ አትመኑ። መኪናውን ውጭ አውጥቶ እንዲያስነሳው ንገሩት፤ እምቢ ካለ ለማዳም ንገሯት፣ የሷም ልጆች እዚያው ናቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር መጥቶ ውጭ ስትወጡ ከተሻላችሁ «ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሕፃናቱን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሰው ጥሩ።

ቤንዚን የነካ ጨርቅ ማጠቢያ ማሽንም ማድረቂያም ውስጥ አይገባም፤ ይቀጣጠላል። ቱርቦውንም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቆይቶም ስለሚፋጅ፣ አቧራ ልጥረግ ብላችሁ አትንኩት።