መብራቱን ማን ወሰደው?
የሰርኪዩት አናሊሲስ ኮርስን ለጀማሪ ለማስተዋወቅ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ሲጽፍ “ይሄ ደግሞ ምን አገባው?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኮርሱን ያወቅኩት ክፍል ገብቼ ሳይሆን እዚሁ ነቀምቴ በተከራየሁበት ግቢ በተነሳ ጠብ ነው።

ጠቡ

አከራያችን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በሚጋግሩበት ቀን የክፍሎቻችን አምፖል ይደበዝዛል። ምጣዱም ቶሎ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እሳቸው “በስውር ምድጃ የሰካ አለ” አሉ። እኛ ደግሞ “አዴ፣ ቆጣሪው ነው የተበላሸው” አልን። ነገሩ ከሮ “ቤቴን ልቀቁ” እስከማለት ተደረሰ። በዚህ መሀል የኤሌክትሪካል ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ይህ ልጅ የሰርኪዩት ፈተና ወድቆ ኮርሱን ሊተው ሲያስብ የነበረ ነው።

ሦስቱ ሕጎች

ኮርሱ ሲከፈት የሚገኙት ሕጎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የኦም ሕግ ነው፦ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ሁለቱን ደግሞ ያወጣው ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪርኾፍ ነው። አንደኛ፣ ወደ አንድ መገናኛ የገባ ከረንት በሙሉ ይወጣል፤ መንገድ ላይ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ በአንድ ዝግ ዙር ውስጥ ምንጩ የሰጠው ቮልቴጅ በየመንገዱ ከሚወርደው ቮልቴጅ ድምር ጋር እኩል ነው። ባጭሩ የገቢና የወጪ ሂሳብ ነው። ኪርኾፍ ይህን ያሳተመው በ1845 እ.ኤ.አ. ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። በኛ ዕድሜ ማለት ነው እንግዲህ!

ሂሳቡ

ጓደኛዬ በቅድሚያ ሁላችንም ያለንን ሁሉ እንድንነቅል፣ አምፖልም እንድናጠፋ አደረገ። ምጣዱ ብቻ ቀረ። ቆጣሪው ዘንድ ሲለካ 220 ቮልት፣ ማድ ቤት ሶኬቱ ላይ ሲለካ 202 ቮልት አገኘ። ተከራይ ሁሉ ነቅሎ እንኳ 18 ቮልት ጎደለ። ስለዚህ ስውር ምድጃ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ታዲያ የት ሄደ?

ምጣዱ ተነቅሎ ሲለካ ሬዚስታንሱ 13.8 ኦም ነው። 202 ለ13.8 ሲካፈል ከረንቱ 14.6 አምፒር ገደማ ይሆናል። መንገዱ አንድ ስለሆነ ይኸው ከረንት በሽቦውም ያልፋል። የጎደለውን 18 ቮልት ለ14.6 ስናካፍል 1.2 ኦም ገደማ እናገኛለን። ሌባው ተያዘ! ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት የተዘረጋው ቀጭንና ቅጥልጥል ሽቦ ነው።

በዋት ስናሰላው ይብሳል። ምጣዱ በ220 ቮልት ቢሠራ 3,500 ዋት ገደማ ያገኝ ነበር፤ የደረሰው ግን 2,950 ያህል ነው። 263 ዋት ደግሞ ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከአራት ባለ 60 ዋት አምፖል ይበልጣል እኮ! አከራያችን ይህንንም ይከፍላሉ፤ ሙቀቱ አንድ ላላ ያለ መቀጠያ ላይ ከተጠራቀመ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። የኛ ክፍሎች አምፖልም ከዚያው ሽቦ ላይ ስለተቀጠለ አብሮ ደበዘዘ። ባለሙያ ተጠርቶ ወፍራም ሽቦ ሲዘረጋ የሚጎድለው ወደ 4 ቮልት ወረደ፤ ጠቡም በዚያው በረደ።

ቀጥሎ የሚመጣው

ኮርሱ እየገፋ ሲሄድ ኖዳልና ሜሽ የሚባሉ ዘዴዎች ይመጣሉ። አዲስ ሕግ አይደሉም፤ መገናኛውና ዙሩ ሲበዛ ያንኑ ሂሳብ በሥርዓት መጻፊያ ናቸው። ኖዳል የመገናኛውን፣ ሜሽ የዙሩን ሂሳብ ይይዛል። ተማሪ የሚፈራው የቴቬኒን ቴረምም ቢሆን ከማድ ቤቱ ሶኬት ወደ ኋላ መመልከት ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኃይል የሚሰጠው የሆሮ ጉዱሩው ፊንጫም ይሁን ሌላ ግድብ፣ መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው ሁሉ ተጠቃሎ ለምጣዱ አንድ የ220 ቮልት ምንጭና አንድ 1.2 ኦም ሆኖ ይታየዋል። በቃ!

ከዚያ ተለዋዋጭ ከረንት ይከተላል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ምጣድ ሙቀት ብቻ ስለሚሰጥ ከላይ ያለው ስሌት ይበቃዋል። የእህል ወፍጮ ሞተር ግን ከረንቱ ከቮልቴጁ ኋላ ይቀራል፤ ፌዘር የሚባለው ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፦ ቀመር ከመሸምደድ በፊት ሥዕሉን ሳሉ፣ መገናኛዎቹን ምልክት አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ የገባውና የወጣው ዋት እኩል መሆኑን አረጋግጡ። በኛ ግቢ ከቆጣሪው የወጣው 3,212 ዋት ነበር፤ የምጣዱና የሽቦው ድምርም ያንኑ ያህል ነው። ደግሞ አደራ፣ ኃይል ያለበትን መስመር ያለ ባለሙያ እንዳትነኩ!

ጓደኛዬ ኮርሱን አልተወም። እኔም ለሙያዬ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ሰው ከመወንጀል በፊት መለካት ይቀድማል። ቸር ይግጠመን!