ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሰው ሐቅ እንዳይጠፋ

በዚህ እትም የምናጠናው ርዕስ ከክፍል ትምህርታችን የመጣ ቢሆንም የሁላችንንም ኪስ ይነካል። በገመድ አልባ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል? ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሰው ገንዘብ እንዳይጠፋ ኮዳችንን እንዴት እንጻፈው?

ቦታውን ምኒልክ አደባባይ እናድርገው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው ስልክ በሽቦ የሚሄድ ነበር። ሽቦ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ዛሬ በአደባባዩ የሚያልፈው ሰው የሚጠቀመው ግን የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ይደክማል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ይመለሳል። ከአደባባዩ ሥር ወደሚገኘው የቀላል ባቡር ጣቢያ ለሚወርድ ሰው አፈሩና ኮንክሪቱ ሞገዱን ያዳክሙበታል። ችግሩን በሦስት ከፍለን እንየው።

1. መጥፋት፦ መልእክት በመንገድ ይጠፋል። በኢንተርኔት መረጃ የሚያመላልሰው ቲሲፒ እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ በተስፋፋው ስልቱ የጠፋ መልእክት ሲያይ መንገዱ እንደተጨናነቀ ቆጥሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በገመድ አልባ መስመር ግን መልእክቱ የጠፋው ሞገዱ ስለደከመ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጨናነቅ ሳይኖርም አገልግሎቱ ይንቀራፈፋል።

2. መንቀሳቀስ፦ ስልካችን ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሻገር የኢንተርኔት አድራሻው ይቀየራል፤ በአሮጌው አድራሻ የተከፈተው የቲሲፒ ግንኙነትም ይበጠሳል።

3. መሻማት፦ የአንድ ምሰሶ አቅም ለብዙ ስልኮች ይከፋፈላል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከላኩ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ መዋጮም፣ የሱቅ ሒሳብም፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብም ስልክ ውስጥ ገብቷል። እኛ ራሳችን ለጀመዓው የመዋጮ መተግበሪያ እየጻፍን ነው እንበል። አንዲት እህት ለኢፍጣር 200 ብር ስትልክ መልስ ሳይመጣ ቀረ። ምን ሆነ? ወይ ጥያቄዋ ሰርቨር ጋ አልደረሰም፤ ወይ ሰርቨሩ ሥራውን ሳይጨርስ ቆመ፤ ወይ ደግሞ ክፍያው ተፈጽሞ መልሱ በመንገድ ጠፋ። በእሷ ስልክ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ዝምታ።

መተግበሪያው «አልተሳካም» ካላት ደግማ ትልካለች፤ በሦስተኛው ሁኔታ 400 ብር ከፈለች ማለት ነው። «ተሳክቷል» ካላት ደግሞ በመጀመሪያው ሁኔታ መዋጮዋ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱም ሐቅ ማጥፋት ነው። ማረጋገጫ በማብዛትም አያልቅም፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ራሱ ሊጠፋ ይችላልና።

መፍትሔው መድገምን ጉዳት የሌለው ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. ስልኩ ከመላኩ በፊት ለክፍያው የማይደገም መለያ ቁጥር አውጥቶ በራሱ ማኅደር ይጽፈዋል። ከተላከ በኋላ ቢጻፍ ስልኩ በመሐል ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

ለ. መልስ ካልመጣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ደግሞ ይልካል። ውጤቱ ሳይታወቅ አዲስ ቁጥር አያወጣም።

ሐ. ሰርቨሩ ቁጥሩን ከክፍያው ጋር በአንድ ላይ ይመዘግባል። የሚያውቀው ቁጥር ከመጣ እንደገና አይቀንስም፤ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይመልሳል።

መ. እስከዚያው ስክሪኑ ላይ «ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ እያጣራን ነው» የሚል ቃል ይታያል። እውነቱ ይኸው ነውና።

ድግግሞሹም ሥርዓት ይፈልጋል። በ1 ሰከንድ፣ ከዚያ በ2፣ በ4፣ በ8 እያራዘምን በእያንዳንዱ ላይ በዕጣ የወጣ ጥቂት ጊዜ እንጨምራለን። አለዚያ ኔትወርክ ሲመለስ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ። በዕጣ የመጠበቅን ሐሳብ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ በጀመረው አሎሃኔት በተባለ የሬዲዮ መረብ ተጠቅመውበታል።

የፊደላችንንም ነገር አንርሳ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ የክፍያ ማረጋገጫ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የብሩ መጠንና መለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጡ።

በመድረሳ እንደተማርነው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገር ነው። የሰውን ገንዘብ የሚነካ ኮድ የሚጽፍ ሰውም የጸሐፊነት አማና አለበት። በቤተ ሙከራው ፈጣን ዋይፋይ ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ገና አልተፈተነም። መልሱን ሆን ብለን እየጣልን፣ ስልኩን በመሐል እያጠፋን እንፈትነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
• ሰርቨሩ መለያ ቁጥሮቹን ለስንት ቀን ይያዝ? ቶሎ ቢሰርዛቸው ምን ይከተላል?
• እህታችን አውቃ ሁለት ጊዜ 200 ብር ልትለግስ ብትፈልግ መተግበሪያው ከስህተት እንዴት ይለየዋል?

በቀጣዩ የጥናት ክበብ መልሶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ አብረን እንሠራዋለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።