አምስት ግራም ስኳር፦ የስኳር ሕመምና የምግብ ሚዛን በዋግ ኽምራ

በአንድ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ምን ያህል ስኳር ይገኛል? ስሌቱ ቀላል ነው። አዋቂ ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም አለው። ሳይመገብ ባደረ ጤናማ ሰው ዘንድ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይገኛል። በጠቅላላው 4.5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር መሆኑ ነው።

በሌላ በኩል ከ100 ግራም የማሽላ ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ ማዕድ በደም ውስጥ ካለው ስኳር ከአሥር እጥፍ በላይ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በደም ውስጥ እንዳይከማች በር ከፍቶ ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራው ሲሰናከል የስኳር ሕመም ይከሰታል።

ብዙዎቻችን ይህን ሕመም «የሀብታም በሽታ» ስንል ኖረናል። በጎንደር አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን ኢንሱሊን የሚያሻውን የስኳር ሕመም ከድህነትና በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር አያይዞታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ለጎዳት ለዋግ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር አይሠራም። ክብደቱ የበዛ ሕመምተኛ የእንጀራውን መጠን ቀንሶ ጎመኑንና ምስሩን ቢያበዛ፣ በሻይ የሚጠጣውን ስኳር ቢተው ይጠቀማል። የከሳውን ገበሬ ግን «አትብላ» ማለት ጉዳቱን ማባባስ ነው። እርሱ የሚያሻው በቂ ምግብ በተወሰነ ሰዓት፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራ፣ ከተገኘም ከወተትና ከእንቁላል ጋር ነው። ያልተፈተገ ገብስና ማሽላ ለሁለቱም ይስማማሉ። በጋራ ገበታ ላይ የተበላውን መጠን ማወቅ ስለሚያስቸግር፣ ሕመምተኛው ድርሻውን አስቀድሞ ቢለይ መልካም ነው፤ ጉርሻውም ይቆጠራል።

ትልቁ አደጋ ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበሉ መዋል ነው። መርፌው ስኳሩን ማውረዱን ይቀጥላል፤ የሚተካው ግን የለም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መደናገር ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ፈጥኖ 15 ግራም ያህል ስኳር መስጠት ያስፈልጋል። በሌላ ቀን የምንከለክለው የዋግ ማር እዚህ ላይ መድኃኒት ይሆናል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 16 ግራም ያህል ስኳር አለው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ምግብ ይበላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ጾም የሚጾሙ ሕመምተኞች ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ሊያማክሩ ይገባል። መርፌውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ ቁርስ ሳይበሉ እንደ ወትሮው መወጋት ሁለቱም ለሞት ያደርሳሉ።

ለዕረፍት ወደ ሰቆጣና ወደ ፃግብጂ የምትመለሱ ተማሪዎቻችን ይህን ስሌት ለቤተሰቦቻችሁ ብታስረዱ ከፈተና ውጤት የሚበልጥ ጥቅም ታገኙበታላችሁ። የከሳ፣ ውኃ የሚጠማውና ሽንት የሚያመላልሰው ሰው ካያችሁ «ረኀብ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ደሙን እንዲመረመር ምከሩት።