ሀለኮን ዝቅ አድርጎ ማሳደግ፦ ለቆላ አጥቢያዎች የጓሮ ልማት ትምህርት

በአርባ ምንጭ ዙሪያና በምዕራብ ዓባያ ቆላማ ቀበሌዎች የሚገኙ አጥቢያዎች የጓሮ አትክልት ለማልማት ሲነሡ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያስቡት ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ነው። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ዳሩ ግን ውኃ ይሻሉ። ዐቢይ ጾም የሚገባው በጋው ጓሮውን አድርቆ በሚያበቃበት ጊዜ ስለሆነ፣ ምእመናን ቅጠላ ቅጠል አጥብቀው በሚፈልጉበት ወራት መደቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በዚያው ወቅት ግን በብዙ ቤት ደጃፍ ለምለም ሆኖ የሚቆም አንድ ዛፍ አለ፤ እርሱም ጋሞዎች ሀለኮ፣ ሌላው ሕዝብ ሽፈራው የምንለው ነው።

ሀለኮ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ቆላ ተወላጅ ነው። በገበያ ሞሪንጋ በሚል ስም ከሚሸጠው የህንድ ዝርያ ጋር ዘመድ ቢሆንም አንድ አይደለም። የእኛው ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ግንዱ ከሥሩ ወፍራም፣ ድርቅንም አጥብቆ የሚችል ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ዘር ሲገዛ የትኛውን እንደሚገዛ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጎረቤት ዛፍ መልቀም ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ዘር የሚወስዱት ቅጠሉ ብዙ የማይመርር መሆኑን ቀምሰው ከለዩት ዛፍ ነውና፣ ይህን የሚያውቁ እናቶችንና አባቶችን ማማከር ከማንኛውም የዘር ከረጢት ጽሑፍ ይበልጣል።

ይህን ጉዳይ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ስለ ዛፍ ብቻ ብለን አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላሉ። ሕፃናት በጾም ሥርዓት ባይገደዱም፣ በብዙ ቤት የሚጣደው ድስት አንድ ነው፤ እናቲቱ የምትበላውን ሕፃኑም ይበላል። ድስቱ በቆሎ ብቻ ከሆነ የሚጎዳው አስቀድሞ ሕፃኑ፣ ቀጥሎም የምታጠባው እናት ናት። የሀለኮ ቅጠል ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረትና የቫይታሚን ኤ ምንጭ የሆነው ንጥረ ነገር ስላለው ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በጥራጥሬ ፊታቸው አማረ ሲባል በጉባኤ የምናስተምር ሁሉ፣ የምእመኑ የጾም ማዕድ ምን እንደያዘም መመልከት ይገባናል።

ዘሩ ክንፍ መሰል ሽፋን ያለው ነው። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሊሰነጠቅ ሲል ይለቀማል፤ በጨርቅ ከረጢት በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል፤ ሳይቆይም ይዘራል። ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ ማደር ብቅለቱን ያፈጥናል። ለችግኝ ፕላስቲክ የሚሆነው ድብልቅ ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዘሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። በወንፊት መሳይ የውኃ ማጠጫ ጠዋት ማጠጣት ይበቃል፤ ሀለኮ ከጥማት ይልቅ በጨቀየ አፈር ይሞታልና።

የመትከያው ጊዜ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሀገራችን አብዛኛው የችግኝ ተከላ ዘመቻ በሐምሌ ይደረጋል። በጋሞ ቆላ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው የበልግ ዝናብ ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። ችግኙ በታኅሣሥና በጥር ተዘጋጅቶ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ቢተከል ሁለት ዝናብ አግኝቶ በጋውን ይቀበላል። በሐምሌ ተተክሎ ለፎቶግራፍ የቆመ ችግኝ ስንቱ ለጥር እንደ ደረሰ መቁጠር ለሰበካ ጉባኤ ሪፖርት ከተከላው ቁጥር የበለጠ እውነት ይሰጣል።

ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይሁን። ለቅጠል ብቻ ከሆነ በዛፍና በዛፍ መካከል 2 ወይም 3 ሜትር፣ ከበቆሎ ጋር ከሆነ 5 ሜትር ያህል ይተው። ስፍራው ውኃ የማይተኛበትና ለወጥ ቤት የቀረበ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይራና ጥድ ተቆርጦ ለሀለኮ ቦታ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ ከተነሣ ግን አንቀበለውም፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለው የአጥቢያው መሬትና የምእመናን ጓሮ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት ከፍየል በእሾህ አጥር፣ ከምስጥም ሥሩን በየጊዜው በመመልከት መጠበቅ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሀለኮ ዝም ብለው ከተዉት ከ6 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። እንጨቱ ለስላሳና ተሰባሪ ነው፤ ቅጠል ለመልቀም የሚወጣ ልጅ ቅርንጫፍ ተሰብሮበት ይወድቃል፤ አሮጊት እናት ደግሞ ከነጭራሹ አትደርስበትም። ስለዚህ ችግኙ ከወገብ በላይ ሲደርስ ጫፉን በ1 ሜትር ግድም በስለታም ቢላዋ መቁረጥ ይገባል። ከቁርጡ በታች ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ከእነዚህ አራት ወይም አምስት ብርቱዎቹን ትቶ ሌላውን ማንሣት፣ እነርሱም ሲረዝሙ ዳግመኛ ማሳጠር ነው። ቁርጡ ውኃ እንዳይዝ ዘንበል ይበል። ዛፎቹን ሁሉ በአንድ ቀን መቁረጥ ስሕተት ነው። ግማሹ በመስከረም ዝናብ ሲቆረጥ ግማሹ ይቆይ፤ ያን ጊዜ የነቢያት ጾምም ዐቢይ ጾምም ቅጠል ያገኛል። በለቀማ ጊዜም ከዛፉ ላይ ሲሶውን ያህል ቅጠል መተው ሥሩን ያጸናዋል። ሰው ሁሉ ሳያዝን የሚገነጥለው ዛፍ ነው፤ ግን ይደክማል።

አባጨጓሬ ቅጠሉን በድር መሳይ ነገር ጠቅልሎ ሲበላ ይታያል። በጥቂት ዛፍ ላይ በእጅ ለቅሞ ማጥፋትና የተጎዳውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል ይበቃል፤ ከበዛ የኒም ቅጠል ወቅጦ በውኃ ዘፍዝፎና አጣርቶ ማርከፍከፍ ይቻላል። የምንበላው ቅጠሉን ስለሆነ የእርሻ መድኃኒት አይረጭበት።

በወጥ ቤት በኩል ጋሞዎች ለእኛ አስተማሪ ናቸው፤ ኩርኩፋውን በሀለኮ ሲያዘጋጁ ማየት ይበቃል። ለመራራው ያልለመደ ሰው የተቀቀለበትን ውኃ ይደፋዋል፤ ከውኃው ጋር ግን ብዙ ንጥረ ነገር አብሮ ይፈሳል። ለጋ ቅጠል መምረጥ ይሻላል። ጥቂት የኑግ ዘይት መጨመር፣ በማዕድ ጊዜም ሎሚ ጠብ ማድረግ ሰውነት ከቅጠሉ የሚያገኘውን ያበዛል። ቡናውን ከምግቡ ጥቂት ማዘግየትም እንዲሁ ይረዳል፤ ይህ በሀገራችን ከባድ ምክር መሆኑን እናውቃለን።

ካህናት ሌላም ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ሽፈራው የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያድናል ወይ? ማንም ታማሚ በቅጠል ተማምኖ የሐኪም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይመከር። ሁለቱን አብሮ የሚወስድም ለጤና ባለሙያው ይንገር። ሥሩና ቅርፊቱ ምግብ አይደሉም፤ በተለይ እርጉዞች ይራቁት። የተፈጨው ዘር የደፈረሰ ውኃን እንደሚያጠራ የታወቀ ነው፤ ተሐዋስያንን ሁሉ ስለማይገድል ግን ውኃው ይፈላ።

የጨንቻና የዶርዜ አጥቢያዎች ይህን ዛፍ እንዲተክሉ አንመክርም። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ይገድለዋል። በዚያ የእንሰቱ ጓሮና በፍግ የለማው ጎመን የሀለኮን ቦታ ይይዛሉ። ይሁንና ደጋና ቆላ በገበያ ሲገናኙ የኖሩ ናቸውና፣ የቆላው አጥቢያ ያደረቀውን ቅጠል ለደጋው፣ የደጋው ደግሞ ፖሙንና ገብሱን ለቆላው ሊያቀርብ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ቅጠል በፀሐይ ሳይሆን በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ንጹሕ ሰሌን ላይ ይደርቅ፤ ብርሃን በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ የተለቀመበት ወር በዕቃው ላይ ይጻፍ።