ደብዳቤው በየትኛው በር ወጣ?
(ስለ ኢሜይል ሰርቨር የመላኪያ አድራሻ አጭር ትምህርት)

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ደብዳቤ ይዞ የሄደን ተላላኪ፣ መዝገብ ቤቱ ማኅተሙን ብቻ አይቶ አይለቀውም። «ከየት ነው የመጣኸው? ማን ላከህ?» ይለዋል። ኢሜይል ተቀባይ ሰርቨርም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። የላኪን ስም ማንም ሊጽፈው ስለሚችል፣ መልእክቱ የመጣበትን የአይፒ ቁጥር ይመረምራል። ይኸውም፦

1ኛ/ ቁጥሩ በስም መዝገብ (ዲኤንኤስ) ላይ ስም አለው ወይ? ይህን የሚያስመዘግበው የቁጥሩ ሰጪ ነው፤ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮ ቴሌኮም።
2ኛ/ ላኪው ድርጅት «በስሜ የሚልኩት እነዚህ ናቸው» ብሎ ባስመዘገበው ዝርዝር (ኤስፒኤፍ) ውስጥ ይገኛል ወይ?
3ኛ/ ከዚህ በፊት ቆሻሻ መልእክት በመላክ ስሙ ጠፍቷል ወይ?

ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ሆኗል።

ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰርቨር ሁለት ቁጥር ሲኖረው ነው። 192.0.2.10 ለድረ ገጽ፣ 192.0.2.25 ለኢሜይል ተመደበ እንበል። ሰርቨሩ ካልታዘዘ መውጫውን የሚመርጠው የኮምፒዩተሩ ሥርዓተ ክወና ነው፤ የመንገድ ሠንጠረዡን አይቶ የመጀመሪያውን ሊይዝ ይችላል። የተመዘገበው ሁለተኛው ሆኖ ሳለ ደብዳቤው በመጀመሪያው ይወጣል ማለት ነው። ተቀባዩም ይጠረጥራል።

መፍትሔው ማዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ፖስትፊክስ በተባለው ፕሮግራም «ኤስኤምቲፒ ባይንድ አድሬስ» በሚለው መስመር ላይ 192.0.2.25 ተብሎ ይጻፋል። ለአይፒ ቨርዥን 6 ሌላ መስመር አለው፤ እሱ ከተረሳ መልእክቱ በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ሰርቨሩ ከራውተር ጀርባ ከሆነ ግን ውጭ የሚታየው ራውተሩ የሚሰጠው ቁጥር ስለሆነ፣ እዚያም መስተካከል አለበት።

ለማረጋገጥ ወደ ራስ የጂሜይል ሳጥን ልኮ የመልእክቱን ሙሉ ራስጌ ማየት ነው። «ሪሲቭድ» በሚሉት መስመሮች ላይ መልእክቱ የመጣበት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል።

ታዲያ ይኼ ለመምህር ምን ያደርግለታል? የምደባ ጥሪ በኢሜይል ተልኮ ቆሻሻ መልእክት ሳጥን ውስጥ ቢወድቅ፣ ፎገራ ላይ ቤተሰቡን ሩዝ የሚያሳጭደው ምሩቅ ሳያየው ቀኑ ያልፋል። ላኪው «ልኬአለሁ» ይላል፤ ምሩቁ «አልደረሰኝም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው!

መልመጃ፦ ሁለቱንም ቁጥሮች በኤስፒኤፍ ዝርዝር ብናስመዘግብ ችግሩ ያልቃል? ከላይ ያሉትን ሦስት ምርመራዎች እያያችሁ ከነምክንያቱ መልሱ።