ቁጥጥር እስከ የት? ምስጢርስ እስከ የት?

ዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ፍራሽ ሥር የምደብቃት የግል ማስታወሻ ደብተር ነበረችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ እያነበበችላቸው ደረስኩ። ስለ አንድ የክፍሌ ልጅ የጻፍኩት ነበር። ሁሉም ሳቁብኝ፤ ማታ ደግሞ ተገረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ ምንም መናገር አቆምኩ።

ጉዳቱ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዕድሜ አባቴን የሚያህል ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቀ “በመኪና ልሸኝሽ፣ የሞባይል ካርድ ልግዛልሽ” ይለኝ ጀመር። እንዲህ ያለው ሰው የስጦታውን ዋጋ የሚያስከፍለው በወሲብ ነው። ልጅቷም በኮንዶም እንጠቀም ለማለት አቅም ስለማይኖራት ለኤች አይ ቪና ላልተፈለገ እርግዝና ትጋለጣለች። በጣም ፈራሁ። ግን ለማን ልናገር? ለእናቴ ብነግራት ነገ የቡና ወሬ እሆናለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ የነገርኳት ለአክስቴ ነው። እሷም ሁለታችንን አስቀምጣ አነጋገረችን። እናቴ እያለቀሰች “ያነበብኩት እኮ እንዳትበላሽብኝ ብዬ ነው” አለች። አክስቴም “ያነበብሽው ያለፈውን ነው፤ የሚመጣውን ግን እንዳትነግርሽ አደረግሻት” አለቻት። በማግስቱ እናቴ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

የዚያን ዕለት ሦስት ነገር ተስማማን፦

1. የት እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደምሆንና መቼ እንደምመለስ እናገራለሁ።
2. ደብተሬና የስልኬ መልእክት ሳልፈቅድ አይከፈትም፤ ለእናቴ የነገርኳትም ከቤት አይወጣም።
3. ሕይወቴን ወይም ጤናዬን የሚያሰጋ ነገር ካየች ጣልቃ ትገባለች፤ ግን በድብቅ ሳይሆን ነግራኝ።

ይህ በሕግም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት ይጠብቃል። በአንቀጽ 5 ደግሞ ወላጅ ልጁን እንደ ዕድገቱ ደረጃ የመምራት መብትና ኃላፊነት እንዳለው ይገልጻል። የ7 ዓመት ልጅና የ16 ዓመት ልጅ እኩል አይፈተሹም ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የነገረቻችሁን ትንሹን ምስጢር ጠብቁላት፤ ትልቁንም ይዛ የምትመጣው ወደ እናንተ ይሆናል። ወጣት እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አንድ አዋቂ “ለቤተሰብ እንዳትናገሩ” ካላችሁ ግን ያ የአደጋ ምልክት ነው። ሳታድሩ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ!