«እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው የጨጓራ በሽታ

ብዙዎቻችን እዚህ የምንውለው አረጋውያንን ስንንከባከብ ነው፤ አገር ቤትም እናት አባት አሉን። ስለዚህ በዛሬው የጤና ትምህርታችን ኤች ፓይሎሪ ስለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እጽፍላችኋለሁ።

ድሮ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከበርበሬ ይመጣል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። ሰው አላምን ሲላቸው ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይይዛል፤ ካልታከመም ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ምንም ሳያመው ይኖራል። በአረጋዊ ላይ ግን ጉዳቱ ከጨጓራ ሊያልፍ ይችላል። ጨጓራ ለብዙ ዓመት ሲቆጣ አሲዱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሰውነት ከምግብ አይረንና ቫይታሚን ቢ12 በደንብ አያገኝም። ደም ያንሳል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ መርሳት ይመጣል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ስለሚቀንስ ችግሩ ይደራረባል።

ባክቴሪያው ባለባቸው ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ በዛ ብሎ ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ስኳር የሚያመጣው እሱ ነው ተብሎ ግን አልተረጋገጠም። «ጨጓራው ሲታከም ስኳሩ ይድናል» የሚላችሁን አትመኑ። የስኳር መድኃኒት አይቋረጥም!

ምርመራው ቀላል ነው፤ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይታያል። የደም ምርመራ የድሮውን ከአሁኑ አይለይም። ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ጠይቀው ከ2 ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። «ተሻለኝ» ብሎ መሐል ላይ መተው ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ከጨረሱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ይመረመራሉ።

እኛስ ምን እናድርግ?

1ኛ. ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ። እኔ በማስታምማቸው እማማ ቤት የማደርገው እንዲህ ነው። ለባክቴሪያው የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን ግሊቤንክላማይድ ከተባለው የስኳር ክኒን ጋር ሲወሰድ ስኳርን አለቅጥ ሊያወርድ ይችላል።

2ኛ. ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡ ወይም ሲደናገሩ ካያችሁ ቶሎ ስኳራቸውን ለኩ። ከወረደና መዋጥ ከቻሉ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ጭማቂ ስጡ፤ ቤተሰቡንም ጥሩ።

3ኛ. አስፕሪን ወይም ኢቡፕሮፌን ለሚወስድ አረጋዊ ባክቴሪያው ሲጨመር ጨጓራ የመድማቱ አደጋ ይብሳል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳቸው ለነገ አትበሉ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

4ኛ. የራሳችሁን ክኒን አትስጧቸው። ለእሳቸውም ለእናንተም መዘዝ አለው።

አገር ቤት ስትደውሉም «የጨጓራ ክኒን ግዙ» ብላችሁ ብቻ ብር አትላኩ። «መጀመሪያ ተመርመሩ» በሏቸው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!

እግዚአብሔር እናት አባቶቻችንን ይጠብቅልን፣ ለእኛም ጉልበት ይስጠን። አሜን።